ጭጋግ በወረደበት መስቀለኛ መንገድ

ደብረ ብርሃን፣ ሐምሌ 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

  መንጃ ፈቃድሽን መያዝሽን በስልክ የነገርሽን ዕለት እናትሽ እልል ብላ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራችው። ቪትዝ መኪናሽን ገዝተሽ መንዳት መጀመርሽን ስሰማ ግን በደስታዬ ላይ አንድ ሐሳብ ተጨመረበት። የነርስነት ተራሽ የጧት ሲሆን ገና ሳይነጋ አዲስ አበባ ካለው የቤቴል ቤታችን ትወጫለሽ፤ የማታ ሲሆን ደግሞ ሰው ሁሉ ቤቱ ከገባ በኋላ ትመለሻለሽ። ወሩም ሐምሌ ነው። በስልክ ስጀምርልሽ «እሺ አባዬ፣ እጠነቀቃለሁ» ትይኛለሽና ነገሩ እዚያው ያልቃል። እኔ ደግሞ ጥንቃቄ የሚባለው ምን ምን እንደሆነ አንድ በአንድ ልነግርሽ ስለፈለግሁ ብዕር አነሣሁ።

የምፈራልሽ ቀለበት መንገዱን አይደለም። እዚያ አጥርም መብራትም አለ፤ መኪናው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይፈስሳል። ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና የሚወስደውም ጎዳና ቢጨናነቅ እንጂ ዓይን የሚደብቅ ነገር የለበትም። የምፈራልሽ ውስጥ ውስጡን ነው። ከቤታችን እስከ አስፓልቱ ድረስ ያለውን ኮብልስቶን፣ በወይራ ሰፈር በኩል የሚያቋርጠውን ኮረኮንች፣ ከረጲና ከቀራንዮ የሚመጡት መንገዶች እርስ በርስ የሚገናኙባቸውን ጥጎች። እዚያ መብራት የለም፣ ምልክት የለም፣ ትራፊክ ፖሊስም አይቆምም። የቆርቆሮው አጥር እስከ ማዕዘኑ ጫፍ ድረስ ወጥቷል፤ ከአጥሩ ቀጥሎ ሲሚንቶ የሚያራግፍ አይሱዙ ቆሟል። በጠራ ቀን እንኳ የሚመጣውን የምታይው አፍንጫሽን ካወጣሽ በኋላ ነው።

ሰፈራችን እንዲህ የሆነው በሰው ክፋት አይደለም። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ክረምት ወታደራዊ ሥልጠና ሊወስዱ ሰፈራችን ወዳለበት ወደ ኮልፌ ሲመጡ ቦታው የከተማ ዳርቻ ነበር። ከተማው እየሰፋ ሲመጣ በቅሎና አህያ ይሄድበት የነበረው መንገድ ግራና ቀኙ ቤት ተሠራበት፣ ቀጥሎ ጠጠር ፈሰሰበት፣ በኋላም ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ ኮብል አነጠፈበት። መስቀለኛዎቹ በመሐንዲስ ወረቀት ላይ አልተወለዱም። እግር የተላለፈበት ቦታ ሁሉ መስቀለኛ ሆነ፤ በአንዱ ማዕዘን ላይ የሚመጣን ሰው ለማየት ብሎ ባዶ መሬት የተወ የለም።

ሕጉን ከእኔ ይልቅ አንቺ በቅርቡ ተምረሽዋል፤ ከደንብ ቁጥር 208/2003 ወዲህ የወጣውን ሁሉ መምህራንሽ አስጠንተውሻል። ቢሆንም ዋና ዋናውን ላስታውስሽ። ትራፊክ ፖሊስ በእጁ ካዘዘሽ መብራቱም ምልክቱም ከእሱ በታች ናቸው። ሦስቱም ከሌሉ፣ ቀድሞ መስቀለኛው ውስጥ የገባው ይለፍ። ከግቢ ወይም ከኮረኮንች ወደ አስፓልት የምትወጪ ከሆነ አስፓልቱ ላይ ያለው ይለፍ። ወደ ግራ የምትታጠፊ ከሆነ ከፊት ለፊትሽ ቀጥ ብሎ የሚመጣው ይለፍ። መንገዶቹ እኩያ ሆነው እኩል ከደረሳችሁ፣ በ1961 ዓ.ም. በቪየና የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት እንደኛ በቀኝ ለሚነዱ አገሮች የሰጠው መልስ ከቀኝሽ የሚመጣው ይለፍ የሚል ነው።

በቀኝ መንዳት የጀመርነው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አገሩ ሁሉ በግራ ይነዳ ነበር። ልጅ ነበርሁ፤ ትልልቆቹ ሰዎች ነገሩን ለብዙ ጊዜ ሲያወሩት አስታውሳለሁ። አገር በአንድ ቀን ግራውን ቀኝ አድርጎ ማደር የቻለው ሹፌሩ ሁሉ ሌላውም እንደሚያውቅ ስላወቀ ነው። የቅድሚያ ሕግ ጉልበቱ እዚሁ ላይ ነው። አንቺ እሱን አይተሽ፣ እሱም አንቺን አይቶ፣ ሁለታችሁም ያንኑ ሕግ ስታስታውሱ ይሠራል። እስቲ ከላይ የጻፍሁልሽን መልሰሽ አንብቢው፤ ቀድሞ የገባው፣ ከፊት ለፊት የሚመጣው፣ ከቀኝ ያለው። ሁሉም ሌላውን በማየት የሚጀምር ነው። ጭጋጉ ከወጨጫ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ሲሸፍነው ግን ማን እንደቀደመ የሚያውቅ የለም። አንቺ «ቀኝ ነኝ» ብለሽ ስትገቢ ከግራሽ የሚመጣው ሹፌር አንቺ መኖርሽን ገና አላወቀም። መብቱ ያንቺ ሊሆን ይችላል፤ ዳኛ ፊት ብትቀርቡ ትረቺዋለሽ። እኔ የምፈልግሽ ዳኛ ፊት አይደለም።

ስለዚህ እናቴ፣ ማየት ሲያቅት የምልሽ ይህን ነው፦ ቀኝም ሁኚ ግራ፣ ዋናው መንገድ ላይም ሁኚ መጋቢው ላይ፣ ወደ መስቀለኛው ስትጠጊ አሳላፊዋ አንቺ እንደሆንሽ ቆጥረሽ ተጠጊ። ሌላ የለም ብለሽ ከማረጋገጥሽ በፊት መብትሽን አትቁጠሪ።

ይህን የምልሽ ጣርማ በርን ስለማውቅ ነው። ጣርማ በር ያለበት የአሰብ መስመር በ1990 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት እስኪዘጋ ድረስ ስንት ጊዜ እየነዳሁ እንዳለፍሁበት አንቺም ታውቂዋለሽ፤ በየመንገዱ እደውልላችሁ ነበር። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ አፉ ላይ ጭጋግ ተኝቶ የሚውልበት ቀን ብዙ ነው። ግን እዚያ ሹፌሩ ሁሉ ይፈራል። በቀን መብራት ያበራል፣ በየጠመዝማዛው ክላክስ ይነፋል፣ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የመንገዱን ጫፍ ይጠብቃል። ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው ገደል ማንንም አያስታብይም። የሰፈር ጭጋግ ግን ማንንም አያስፈራም። የሰፈሩ ሹፌር ያንን ጥግ ለዓመታት አልፎበታል፣ የሱቁን ባለቤት በስም ያውቀዋል፣ ልጆቹም እዚያው ይጫወታሉ። መንገዱን ስለሚያውቀው የሚያየው ይመስለዋል። ብዙ ዘመን ከነዳሁ በኋላ ያረጋገጥሁት ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ ጭጋግ ከሚገድለው ይልቅ በለመድነው መንገድ ላይ ያለን መተማመን የሚገድለው ይበዛል። ቤቴል ስትደርሺ ጣርማ በር እንደደረስሽ ፍሪ።

ቁጥር ስለምትወጂ በቁጥር ልንገርሽ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ስትሄጂ በአንድ ሰከንድ ወደ 14 ሜትር ትሮጫለሽ። አደጋ አይተሽ እግርሽ ፍሬን ላይ እስኪደርስ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅ ገና ሳትይዢ 21 ሜትር ሄደሻል። በረጠበ አስፓልት ላይ መኪናዋ ፈጽማ እስክትቆም ድረስ ሲደመር ወደ 45 ሜትር ይመጣል። በ30 ስትሄጂ ድምሩ ወደ 21 ሜትር ይወርዳል፤ በ20 ደግሞ ወደ 12። የረጠበ ኮብልስቶን ከአስፓልቱ የባሰ ያንሸራትታል፤ በተለይ ጭቃ የተቀባው ቁልቁለት። እንግዲህ የጧቱ ጭጋግ የሚያሳይሽ 20 ሜትር ብቻ ነው እንበል። 20 ሜትሩ የብቻሽ አይደለም፤ ከማዶ የሚመጣውም ከዚያው ይበላል። ጠባቡ የሰፈር መንገድ ላይ ከሚታይሽ ግማሽ ውስጥ መቆም የምትችዪበት ፍጥነት ነው ትክክለኛው። ያ ማለት ከ20 በታች፤ ማዕዘኑ ጋ ስትደርሺ ደግሞ የሰው እርምጃ ያህል።

አሁን ስለ አደራረጉ። ከመነሣትሽ በፊት መስታወቱን ከውስጥ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ፤ ከውጭ ካለው ጭጋግ ይልቅ የራስሽ ትንፋሽ የሚጋርደው ይብሳል። አየሩን ወደ መስታወቱ አዙሪው። የፊት መብራቱን ጭቃ እጥበት ሳትጠብቂ በእጅሽ ጥረጊው። ከፊት ያንጠለጠልሽውን ሁሉ አውርጂው፤ መቁጠሪያው ቦርሳሽ ውስጥ ቢሆንም ይጠብቅሻል። ረጅም መብራት አታብሪ፤ ጭጋግ ጥቃቅን የውኃ ጠብታ ነውና ብርሃኑን መልሶ ዓይንሽ ላይ ይረጨዋል። አጭሩን አብሪ። ትንሿን መብራት ብቻ አብርቶ መሄድም እንደ አለማብራት ነው፤ የሚያይሽ የለም።

ወደ መስቀለኛው ስትቃረቢ ሬዲዮውን ዝጊ፤ የሁለቱንም በኩል መስኮት ትንሽ ዝቅ አድርጊ። ዓይን ያልደረሰበት ጆሮ ይደርሳል። ሰው «ቀይ ሽብር» የሚለው ሲኖትራክ ከመታየቱ በፊት ይሰማል፤ ባጃጅም በድምፅዋ ትታወቃለች። ብስክሌትና እግረኛ ግን አይሰሙም፤ ስለዚህ ጆሮሽን አምነሽ እንዳትገቢ። ፍሬንሽን በአንድ ጊዜ አትርገጪ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ለስለስ አድርገሽ ንኪው፤ የኋላ መብራትሽ ብልጭ ሲል ከኋላሽ ያለው አስቀድሞ ያውቃል። ከአጥሩ ጫፍ ወዲህ ፈጽመሽ ቁሚ። አንዲት አጭር ክላክስ ንፊ። ከዚያ እግርሽ ፍሬኑ ላይ እንዳለ እያላላሽ ቀስ ብለሽ ውጪ፤ ከሌላው በኩል የሚመጣው የመኪናሽን አፍንጫ እንዲያይና በጎኗ እንዳይገባባት።

መጀመሪያ ወደ ግራ እዪ፤ የምታቋርጪው የመጀመሪያው ረድፍ ከዚያ ነው የሚመጣብሽ። ቀጥሎ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና ወደ ግራ። ስታዪ አንገትሽን ብቻ አታዙሪ፤ ወገብሽን ወደ መሪው ጠጋ መለስ አድርጊው። የፊት መስታወቱን ግራና ቀኝ የያዘው ብረት በጠራ ቀን እንኳ ሙሉ ሞተር ብስክሌት ከነነጂው ይደብቃል። መንገዱ ባዶ መሆኑን ካረጋገጥሽ በኋላ ግን አታመንቺ፤ መሐል ላይ መቆም ከመቸኮል አያንስም። ከማዶ ያለው መውጫ በመኪና ከተዘጋ ከመጀመሪያውም አትግቢ።

ምንም ካልታየሽ ጠብቂ። ከኋላሽ ያለው ክላክሱን ያስጮኻል፤ ያስጩኸው። ታክሲው ውስጥ ያለው ረዳትም አንገቱን አውጥቶ ይናገርሻል፤ አትመልሺለት። ጎረቤት ወይም ዘበኛ ጥጉ ላይ ካለ ደግሞ «እባክዎ ይዩልኝ» በይ። የአገራችን ሰው ለዚህ እምቢ አይልም፤ ጋቢውን እንደተከናነበ መሐል መንገድ ወጥቶ «ነይ፣ ነይ» ይልሻል። እሱ ነይ ሲልሽም በገዛ ዓይንሽ ማየትን እንዳትተዪ፤ የመኪናሽን ፍጥነት የሚያውቅ አንቺ ነሽ።

መንገድ ላይ ደግሞ ሕግ ያልጻፈው ልማድ አለ። አንዱ መብራቱን ብልጭ ሲያደርግልሽ «እለፊ» ማለቱ ነው፤ ሌላው ያንኑ ብልጭታ «መጣሁብሽ» ብሎ ያደርገዋል። በጭጋግ ውስጥ ሹፌሩን ስለማታዪው ሁለቱን መለየት አትችዪም። ሁልጊዜ መጣሁብሽ እንደሚል ቁጠሪው። ትልቅ መኪና ለትንሹ አያሳልፍም የሚለውም ልማድ አለ፤ ልክ አይደለም፣ ቢሆንም እውነት ነው። ከሲኖትራክ ጋር መብት አትካፈዪ። አሳልፊውና ሂጂ፤ ባጃጁንም አሳልፊው፤ የሚቀርብሽ ጥቂት ሰከንድ ነው።

ነገር ግን ልጄ፣ ከመኪናው ሁሉ በላይ እንድታሳልፊ የምለምንሽ እግረኛውን ነው። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ ነው። በሰፈራችን ደግሞ ሳይነጋ የሚሄደውን ሰው ታውቂዋለሽ። ለኪዳን የሚወጡት እናቶች ነጭ ነጠላ ለብሰዋል፤ በጨለማ የሚያድናቸው ነጭ ልብስ በጭጋግ ውስጥ ፈጽሞ ይሰውራቸዋል። ለሱብሒ ሶላት ወደ መስጊድ የሚሄዱት አባቶችም በዚያው ሰዓት ናቸው። ዣንጥላውን ፊቱ ላይ ደፍቶ የሚሮጥ ተማሪም መኪና መምጣቱን አያይም፤ እሱ የሚያየው እግሩ ሥር ያለውን ኩሬ ነው።

በዘነበወርቅ በኩል ስታልፊ ደግሞ ከሁሉ በላይ ቀስ በይ። እዚያ ያለው የአለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. ከመቋቋሙም በፊት ጀምሮ ለሥጋ ደዌ ሕክምና ከየአገሩ የመጡ ሰዎች እዚያ ሠፍረው ወልደው ከብደው ይኖራሉ። ከእነሱ መካከል እግራቸው ስሜት ያጣ፣ ጣታቸው የተጎዳ፣ ዓይናቸውም የደከመ አዛውንት አሉ። ነርስ ነሽና ከእኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ፤ ስሜት የሌለው እግር በሚያዳልጥ ድንጋይ ላይ ዘልሎ ማምለጥ አይችልም። ጤነኛው ሰው ክላክስ ሲሰማ ወደ ዳር ይላል፤ እነሱ ባሉበት ይቆማሉ። ስለዚህ እዚያ ክላክስ አትንፊባቸው። ቁሚ፤ ተሻግረው ሲጨርሱ፣ ምርኩዛቸውን ሲያስተካክሉና ሲመርቁሽ ጠብቂ፤ ምርቃቱን ተቀብለሽ ሂጂ።

ስለ ማታው ጥቂት ልጨምር። መብራት ሲጠፋ የትራፊክ መብራቱም አብሮ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ትልቁ የዋና ጎዳና መገናኛም እንደ ሰፈሩ ጥግ ጠባቂ የሌለው መስቀለኛ ይሆናል። በዚያ ላይ ሌላ ነገር አለ። የኮሪደር ልማቱ የደረሰበት ዋናው ጎዳና ዛሬ ዛሬ እንደ ቀን ያበራል። ከዚያ ብርሃን ወጥተሽ ወደ ጨለማው ኮብልስቶን ስትታጠፊ ዓይንሽ ጨለማውን እስኪለምድ ደቂቃዎች ይፈጅበታል፤ የመጀመሪያው መስቀለኛ ደግሞ ያለው በዚያው ደቂቃ ውስጥ ነው። ከታጠፍሽ በኋላ ወዲያው ፍጥነትሽን ቀንሺ።

ክረምቱ ሲያልፍም ነገሩ አያበቃም። ኅዳር 12 ቀን ብዙ ሰው ቆሻሻውን ሰብስቦ በየደጁ ያጥናል፤ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ሕዝቡን የጨረሰው በሽታ መታሰቢያ ነው። ጢሱ በየማዕዘኑ ላይ ተኝቶ ሲያድር ከጭጋግ አይለይም፤ እንዲያውም ይብሳል፣ ምክንያቱም እሳቱን ከበው ልጆች ቆመዋል። የዚያን ዕለት ቢቻልሽ መኪናዋን ትተሽ በታክሲ ሂጂ።

አንድ ሥራ ልስጥሽ። የሚቀጥለው እሑድ ፈረቃ ከሌለሽ፣ ቀኑ ሲጠራ፣ ከቤት እስከ አስፓልቱ በእግርሽ ሂጂ። እያንዳንዱ ጥግ ላይ ሹፌሩ የሚቀመጥበት ከፍታ ላይ ዓይንሽን አድርገሽ ቁመሽ እዪ፤ ከየት እስከ የት ይታያል? የቱ አጥር ይጋርዳል? የቱ መንገድ ቁልቁል ነው? ጻፊው። አጥራቸው ጫፍ ድረስ የወጣባቸውን ጎረቤቶች በጨዋ ደንብ አናግሪያቸው፤ መንገድ ዳር የሚያራግፈውን አይሱዙ ባለቤትም እንዲሁ። የማይሰሙ ቢሆኑ ወረዳ ሄደሽ በጽሑፍ አመልክቺ፤ ማዕዘኑ ላይ መስታወት እንዲተከልም ጠይቂ፤ ማመልከቻው እንዴት እንደሚጻፍ ካስቸገረሽ እኔ ጽፌ እልክልሻለሁ።

ጎረቤት ከማናገርሽ በፊት ግን የራሳችንን እናስተካክል፤ የእኛው ግቢ ጥግ ላይ ያለው ጽድ አድጎ መንገዱን ጋርዶታል። እስከ ወገብሽ ድረስ አስቆርጪው፤ ቆርቆሮውም ከማዕዘኑ ገባ ብሎ ይመታ፤ መሬቱ ቢጠብብ ግድ የለም። ለወንድምሽ ነግሬዋለሁ፤ ቅዳሜ ጧት መጋዝና ሚስማር ይዞ ይመጣል። ምሳ አብዪው። እናትሽ ጉንጭሽን እየሳመች በሶና ድቁስ ልካልሻለች፤ በሚመጣው ሰው እጅ ይደርስሻል።

የሚወድሽ አባትሽ